«አተት» ብለን ቀበርናቸው፤ አሁን ደግሞ ስለ ዝግጁነት እናጥና ይሉናል

«የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎችን ዝግጁነትና ምላሽ ለማጠናከር የሚያግዝ ምርምር» የሚል ባነር ያልተሰቀለበት የአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ ማግኘት ከባድ ነው። ፕሮጀክተሩ ይበራል፤ «ክፍተት»፣ «ቅንጅት»፣ «አቅም ግንባታ» የሚሉ ቃላት ይደረደራሉ፤ የሻይ ሰዓት ይደርሳል፤ አበል ይፈረማል። መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ ስምምነት ላይ ይደረሳል።

ጥናት ጠላቴ አይደለም። ወረርሽኝን ያለ ጥናት መከላከል በጭለማ ድንጋይ መወርወር ነው። የምጣላው እነዚህ ጥናቶች ሁሉ እየዞሩ ከሚያልፉት አንድ ጥያቄ ጋር ነው። ጥያቄው ይሄ ነው፦ መንግሥት የበሽታውን ስም ካወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ከወንዝ ውሃ የምትቀዳዋ እናት ስሙን እስከሰማችበት ቀን ድረስ ስንት ቀን አለፈ?

ይህን የቆጠረ ጥናት አሳዩኝ። የእጅ መታጠብ ልማድ ላይ የተሠራ ሞልቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እውቀት ላይ የተሠራው እንዲያውም በዝቷል። ጥፋቱ ሁልጊዜ ታች ነው፤ ያልታጠበችው እናት፣ ሪፖርቱን ያዘገየችው የቀበሌ ሠራተኛ። ዝምታው የሚጀምርበትን ፎቅ የሚያጠና የለም።

ስለምን እንደማወራ የገባችሁ ገብቷችኋል። ስለ «አተት» ነው። (ዓመቶቹን፣ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

«አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» የበሽታ ስም አይደለም። የምልክት ስም ነው። «ሳል» እንደማለት ነው። ሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ሰው «ሳል አለብህ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሐኪም ፈቃዱን ይነጠቃል። እኛ ግን ለአሥራ ምናምን ዓመት አንድን የታወቀ፣ መቶ ዓመት ሙሉ የተጠና፣ በላብራቶሪ ሳህን ላይ ቢጫ ሆኖ የሚበቅል ባክቴሪያ በምልክቱ ብቻ ጠራነው። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ ተነስቶ አገር ሲያዳርስ አተት ነበር። በ2001 አተት ነበር። በ2008 ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ሲገባ ቴሌቪዥኑ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ጥሬ አትብሉ» ያለን ስለ አተት ነው። በ2009 በሶማሌ ክልል፣ ድርቅ ባደቀቀው ሕዝብ ላይ ሲወርድ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲታመሙና በመቶዎች የሚቆጠሩት ሲሞቱ፣ አሁንም አተት ነበር።

ባለሙያው አያውቅም ነበር? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። እ.ኤ.አ. በ2011 የመንግሥት የራሱ የጤና ምርምር ተቋም የኮሌራ ወረርሽኝ አመራር መመሪያ አሳትሟል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በሻሸመኔ፣ ከዓለም አቀፍ የክትባት ተቋም ጋር በመተባበር፣ በአስር ሺዎች ለሚቆጠሩ ነዋሪዎች ክትባት ተሰጥቶ ውጤቱ ተጠንቷል። የምን ክትባት? የኮሌራ! በአፍ የሚሰጥ የኮሌራ ክትባት። በይፋ ኮሌራ በሌለበት አገር፣ ኮሌራ ስለሚከላከል ክትባት ምርምር ተካሄደ፤ ጽሑፉም በውጭ አገር ጆርናል ወጣ። ከዓመት በኋላ በሽታው ዋና ከተማው ውስጥ ሲገባ ግን ስሙ ወደ አተት ተመለሰ።

ሌላም ልጨምር። ታማሚዎች የሚተኙባቸው ድንኳኖች በዓለም ሁሉ «ሲቲሲ» ነው የሚባሉት። የመጀመሪያዋ «ሲ» ኮሌራን ትወክላለች። እኛ አገር አሕጽሮቱ እንዳለ ቀረና ትርጉሙ ተቀየረ፤ «የኬዝ ሕክምና ማዕከል» ተባለ። የአልጋው ዓይነት ያው፣ በመሃሉ ያለው ቀዳዳ ያው፣ ከሥሩ ያለው ባልዲ ያው፣ የክሎሪኑ መጠን ያው። አንዲት ፊደል ብቻ ሙያዋን ቀየረች።

በዚያው በ2008 ክረምት እሠራበት በነበረ አንድ የመገናኛ ብዙኃን ተቋም ውስጥ በጻፍኩት ዜና ላይ «ኮሌራ» የሚለው ቃል አራት ቦታ ላይ ተሰርዞ ተመለሰልኝ። የነገረኝ ኤዲተር ክፉ ሰው አልነበረም። ማንም ደውሎ እንዳላዘዘውም እርግጠኛ ነኝ። መደወል አያስፈልግም ነበርና። ሁላችንም ቃሉ የት እንደሚቆም እናውቀዋለን።

«ታዲያ ስሙ ምን ይለውጣል? ሕክምናው አንድ አይደለም እንዴ?» የሚሉኝ ባለሙያዎች አሉ። በጣም የተማሩ ሰዎች ናቸው የሚሉኝ። እንግዲህ በእርጋታ እንነጋገር።

ከባድ ኮሌራ የያዘው ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ጠዋት ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ ማታ ሊሞት ይችላል። ካልታከሙ በጽኑ ከታመሙት እስከ ግማሽ የሚደርሱት ይሞታሉ። ኦ.አር.ኤስ እና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በጊዜ ካገኙ ግን ከመቶው አንዱ እንኳ መሞት የለበትም። ይህን ያህል ርካሽ፣ ይህን ያህል ቀላል ሕክምና ያለው ገዳይ በሽታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ቤተሰቡ መቼ እንደተነሳ ነው። በዚህ ሰዓት ቃል ሥራ ይሠራል። «ተቅማጥና ትውከት» የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? የበላውን ያስታውሳል። ጤና አዳም ያሸታል፤ ነጭ ሽንኩርት ይበላል፤ «ትንሽ አረቄ ቅመስ» ይባላል፤ «እስኪ ይንጋ» ይባላል። ተቅማጥ ማንን ገድሎ ያውቃል! «ኮሌራ ገብቷል» ሲባል የሰማ ሰው ግን ሌሊቱን ቃሬዛ ያነሳል። ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በዚያች ሌሊት ነው።

ሁለተኛው ክትባት ነው። ለኮሌራ ድንገተኛ ወረርሽኝ የሚውል ዓለም አቀፍ የክትባት ክምችት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። ከዚያ የሚጠይቅ አገር ኮሌራ እንዳለበት መናገር አለበት። «አተት ይዞኛልና የኮሌራ ክትባት ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል? ኋላ ደግሞ ክምችቱ ራሱ ተመናመነ፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በእጥረት ምክንያት በሁለት ዙር ይሰጥ የነበረው ወደ አንድ ዙር ወርዷል። ክትባቱ በተሻለ ሁኔታ ይገኝ በነበረበት ጊዜ ዝም ብለን፣ ወረፋው ሲረዝም ነው የተሰለፍነው።

ሦስተኛው ምርምሩን ራሱን ይመለከታል። የወረዳ የሳምንት ሪፖርት ቅጽ ላይ «አተት» ተብሎ የተሞላ ቁጥር ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ኮሌራ አለበት፤ ሮታ ቫይረስ አለበት፤ የምግብ መመረዝ አለበት። ተመራማሪው ከዓመታት በኋላ የትኛው ወረዳ የኮሌራ መናኸሪያ እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚነሳ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ለማወቅ ያንን ቁጥር ይከፍታል። ያገኘው ግን በአንድ ማሰሮ የተቀቀለ ነገር ነው። ክትባትና ንጹሕ ውሃ ለየትኛው ወረዳ ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ካርታ የሚሣለው በዚህ ዳታ ነው። አያችሁ፣ ስሙን የደበቀው ባለሥልጣን የዚያን ዓመት ሕዝብ ብቻ አይደለም የጎዳው። ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪም የተሳሳተ አገር ነው ያወረሰው።

«ላብራቶሪ ስለሌለ ነው፤ ሩቅ ቦታ ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ይህንን መልስ በ2009 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ፣ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲው የሕግ ምሁር ላውረንስ ጎስቲን፣ ሰውየው ጤና ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን የኮሌራ ወረርሽኞች ተደብቀዋል ብለው በኒውዮርክ ታይምስ ከሰሷቸው። ዶክተር ቴድሮስ ክሱን የመጨረሻ ሰዓት የስም ማጥፋት ዘመቻ ብለው አጣጣሉት፤ ወረርሽኙም ምርመራ አስቸጋሪ በሆነባቸው ሩቅ ቦታዎች የተከሰተ ተቅማጥ ነው አሉ። ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፦ ጎስቲን የተቀናቃኛቸው የእንግሊዛዊው ዶክተር ዴቪድ ናባሮ አማካሪ ነበሩ። ስለዚህ ጊዜው ንጹሕ አልነበረም። ብዙ ኢትዮጵያዊም ያን ሰሞን ነገሩን በፖለቲካ መነጽር ብቻ አየው፤ ግማሹ ለመጣል፣ ግማሹ ለመደገፍ። የሞቱት ሰዎች ጉዳይ መሃል ላይ ጠፋ።

እኔ የምለው ግን የላብራቶሪው ምክንያት በራሱ አይቆምም። በአንድ አካባቢ ኮሌራ መኖሩን ለማወጅ እያንዳንዱን ታማሚ መመርመር አያስፈልግም። የተወሰኑ ናሙናዎች በማጓጓዣ ብልቃጥ ገብተው ወደ ላብራቶሪ ከሄዱና ባክቴሪያው ከበቀለ፣ የተቀረው ታማሚ በምልክቱ ይመዘገባል። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ነው። በ2008 ደግሞ በሽታው ሩቅ ቦታ አልነበረም። አዲስ አበባ ነበር፤ ከማዕከላዊው ላብራቶሪ በታክሲ በሚደረስበት ሰፈር።

ይህ ልማድ የአንድ ፓርቲ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በመጠለያ ጣቢያዎች ኮሌራ ሰው ሲጨርስ የደርግ መንግሥት ቃሉን አልፈቀደም። ከዚያ በፊት የወሎው ረሃብ እንዴት እንደተሸፈነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጎረቤት ሱዳንም ያንኑ የ«አጣዳፊ ተቅማጥ» ካባ ለዓመታት ለብሳዋለች። መንግሥት ይቀያየራል፤ መሳቢያው ያው ነው። ዕርዳታ ድርጅቶቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ሪፖርታቸው ላይ አተት እያሉ ጽፈው በእጃቸው የኮሌራ መድኃኒት ይዘው የሚሠሩበትን ዓመታት «የሥራ ፈቃዳችን እንዳይሰረዝ» በሚል ያልፉታል። ሕይወት ማዳናቸውን አልክድም። ግን ዝምታቸውን ዋጋ ስላላስከፈላቸው ለምደውታል።

ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም፤ ይህንንም ልበል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፔሩ ኮሌራ ሲገባባት ከንግድና ከቱሪዝም ያጣችው ገንዘብ ወደ 770 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 የአውሮፓ ኅብረት በኮሌራ ሰበብ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኡጋንዳና ከሞዛምቢክ የሚገባ ዓሣ ከለከለ፤ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ለወራት ተራበ። እውነቱን የተናገረ አገር ተቀጣ። ቡናና አበባ የሚልክ መንግሥት ይህን አይቶ ቢፈራ ይገባኛል። ግን ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በኮሌራ ምክንያት የንግድም የጉዞም ክልከላ እንደማያስፈልግ በግልጽ ይናገራል፤ ከሰኔ 1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብም የተጻፈው ንግድን ያለ አግባብ ሳያውኩ ማሳወቅ እንዲቻል ነው። ይልቅ የሚጠናው ይህ ነበር፦ ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ስሙን በይፋ ከጠራች በኋላ ስንት ኩንታል ቡና ተመለሰ? ስንት የአበባ ጭነት ተከለከለ? የኢኮኖሚ ተመራማሪ ካላችሁ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ በነጻ ሰጥቻችኋለሁ።

«ሕዝብ ይደናገጣል» የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበልም። የኢትዮጵያ ሕዝብ የወረርሽኝ ስም ሲነገረው ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ይውጣ። በ1911 ዓ.ም. በዓለም የዞረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ራሳቸውን ጥሏቸው ነበር። ሕዝቡ ላብራቶሪም ሚኒስቴርም አልጠበቀም። «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬም በዚያች ቀን ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። ጭሱ ለጤና ይጠቅማል አልልም፤ ለሳንባዬም አልመርጠውም። ግን አስቡት፦ ስም የተሰጠው ወረርሽኝ በየዓመቱ ሰፈሩን የሚያስጠርግ መታሰቢያ ተከለ። አተት ምን ተከለ? አተትን የሚያስታውስ ቀን አለ? እንደ ቀልድ መጣ፣ እንደ ቀልድ ተወራ፣ ሰዎቹን ይዞ ሄደ።

አሁን «ይሄ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ኮሌራ እየተባለ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያን ዓመት ጤና ሚኒስቴር በይፋ ኮሌራ ብሎ ጠርቶታል፤ ከዚያ ወዲህም በሽታውን ለማጥፋት ብሔራዊ ዕቅድ ወጥቷል። ምስጋና ለሚገባቸው ይድረስ። አቅሙም እንዳለን አይተናል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ ሲገኝ ኅዳር 5 ቀን ስሙ ተጠርቶ ታወጀ፤ ማርበርግ ደግሞ ከኮሌራ በብዙ እጥፍ የሚያስፈራ ስም ነው። ሰማይ አልወደቀም። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በድሬዳዋ የበጋ ወባን ከየት መጣ ብሎ ተከታትሎ፣ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከሚራባው ከእስያ ከመጣው «ስቴፈንሲ» ትንኝ ጋር አያይዞ ለዓለም አሳውቋል። ስሙን ለመጥራት ካልተፈራ፣ የኛ ሳይንቲስት ከማንም አያንስም።

ግን ልማድ በአዋጅ አይሞትም። ነሐሴ 2014 ላይ ባሌ ዞን፣ ሐረና ቡሉቅ የተነሳው ኮሌራ ከሁለት ዓመት በላይ አገር ለአገር ሲዞር ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ25 ሺህ በላይ ሰው ታሟል። ከፌዴራል ወደ ታች ስትወርዱ ቃሉ እንደገና ይሳሳል። ወረዳ ላይ «ምልክቱ ታይቷል» ይሆናል፤ ቀበሌ ላይ ተመልሶ አተት ይሆናል። ባለሙያው ለምን ይፈራል? ኮሌራ ያለ የጤና ኃላፊ፣ «በወረዳህ መጸዳጃ ቤት ተዳርሷል ብለህ ሪፖርት አድርገህ አልነበረም?» ተብሎ ስለሚጠየቅ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ መጸዳዳት የቀረባቸው ቀበሌዎች ተብለው ባንዲራ የተሰቀለላቸው ቦታዎች አሉ። ኮሌራ የዚያን ባንዲራ ውሸት ያጋልጣል። ስለዚህ ኮሌራን መደበቅ የቡና ገበያን ከመጠበቅ ይልቅ የታች አለቃን የውጤት ተኮር ነጥብ መጠበቅ ሆኗል። ይህን ያጠና ሰው ስለ ዝግጁነት አንድ እውነተኛ ነገር ይነግረን ነበር።

በርሜል ጊዮርጊስን ውሰዱ። ምዕራብ ጎንደር፣ ቋራ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር የማይርቅ የጠበል ቦታ ነው። ከመላው አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈውስ ፍለጋ ይሄዳል፤ ሳምንታት ይሰነብታል። በሐምሌ 2015 የአማራ ክልሉ ወረርሽኝ እዚያ ታየ፤ ከዚያም ወዲህ በሽታው ተመላልሶበታል። እዚያ የተሰበሰበውን ሰው አስቡት። አብዛኛው ቀድሞውኑ የታመመ ነው። ብዙው ይጾማል። መጠለያው ሸራና ቅጠል ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ከሰው ቁጥር ጋር አይመጣጠንም፤ የሚጠጣ ውሃ እጥረት አለ። አካባቢው ደግሞ የሰሊጥ አገር ነው፤ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። ጸበልተኛውም ሠራተኛውም ሲጨርስ አውቶቡስ ይሳፈራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በሽታው ባሕር ዳር መናኸሪያ፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ አለ።

እውነተኛ ምርምር የሚጠይቅ ቦታ ይሄ ነው። ከባድ ጥያቄዎች አሉበት። ጠበልን በክሎሪን ማከም ይቻላል? ምእመኑ ይቀበላል? አባቶችስ? የመጠመቂያውን ውሃ ሳይነኩ የመጠጡን ብቻ መለየት ይቻላል? ለሕመም የመጣን ሰው «ታመሃልና ተመለስ» ማለት ምን ያስከትላል? ይህን በእንግሊዝኛ መጠይቅ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» እያሉ አያገኙትም። ግእዝና ቅዳሴ የሚያውቅ፣ ከደብሩ አለቃ ጋር ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ የሚነጋገር፣ ከጠበልተኛው ጋር አፈር ላይ የሚተኛ አጥኚ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል፦ አባቶች ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ልጆቼ፣ ኮሌራ ገብቷል» እንዲሉ ቃሉ በጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። ከመድረክ የሚነገር ካህን ቃል የሺህ ብሮሹር ሥራ ይሠራል። ቃሉን ካልሰጠኸው ግን ምን ይበል? «አተት» የሚል ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥም የለ፣ ሕዝብ አፍ ውስጥም ክብደት የለው።

ዓለም አሁን የሚወደው መለኪያ «7-1-7» ይባላል፤ ኢትዮጵያም እየሠራችበት ነው። ወረርሽኝን በ7 ቀን ማወቅ፣ በ1 ቀን ለሚመለከተው የጤና አካል ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያ ምላሾችን ማጠናቀቅ። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ቢያንስ ቀን ይቆጥራል። የኛ የቅኝት መመሪያም አስቸኳይ በሽታ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው በ30 ደቂቃ እንዲደርስ ያዛል። ግን ልብ በሉ፤ «ማሳወቅ» ሲሉ ማንን ነው? ቀበሌ ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል፣ ክልል ለኢንስቲትዩቱ፣ ኢንስቲትዩቱ ለጄኔቫ። ወሬው ተራራ ወጥቶ ባሕር ይሻገራል። ከጤና ኬላው ሃምሳ ሜትር ላይ ያለችው ባለ ሻይ ቤት ግን በመለኪያው ውስጥ የለችም። ጄኔቫ ያለ ባለሙያ በአንድ ቀን እንዲያውቅ ደንብ አለን፤ ውሃውን የምትጠጣው ሴት በስንት ቀን ታውቅ የሚል ደንብ የለንም።

እኔ የምለው አራተኛ ቁጥር ይጨመርበት ነው። ናሙናው ኮሌራ መሆኑ ከተረጋገጠበት ሰዓት ጀምሮ ስሙ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአካባቢው ሬዲዮ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ እስከተነገረበት ሰዓት። ይቆጠር። በየወረዳው ይቆጠር። ያዘገየው ማን እንደሆነም ይጻፍ፤ ስም አልጠየቅሁም፣ ቢሮው ይበቃኛል። የዝግጁነት ምርምር ማለት ለኔ ከዚህ ይጀምራል፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው።

ዳታው ደግሞ የለም እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የሚያሠለጥን ፕሮግራም አለን። ተማሪዎቹ ወረርሽኝ ሜዳ ላይ ወርደው ያጠናሉ፤ ማን መጀመሪያ ታመመ፣ ናሙና መቼ ተላከ፣ ውጤቱ መቼ መጣ የሚለውን ቀን በቀን ይመዘግባሉ፤ ይህ የመመረቂያቸው ሥራ ነው። ወጣቶቹ ጎበዞች ናቸው። ጽሑፋቸው ግን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይተኛል፤ ጥናቱ የተሠራበት ወረዳ እንኳ አንዲት ገጽ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አይደርሰውም። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም ይሄ። የትርጉምና የፎቶ ኮፒ ጉዳይ ነው። ለአንድ ቀን ወርክሾፕ በሚወጣ የምሳ ሒሳብ የአንድ ዞን ወረዳዎችን ሁሉ ማዳረስ ይቻላል።

ስለዚህ አዳራሹን ለምትሞሉት ወገኖቼ፣ ለቀጣዩ ስብሰባ ፓወር ፖይንታችሁ አስቸግሯችሁ ከሆነ አንድ ስላይድ ላቀብላችሁ። በርሜል ጊዮርጊስ፣ 2015 ዓ.ም.። ሦስት ቀኖች ብቻ ይጻፉበት፦ የመጀመሪያው ታማሚ የታየበት፣ የላብራቶሪ ውጤት የመጣበት፣ ጠበልተኛው ቆሞ «ኮሌራ ነው» ሲባል የሰማበት። ሁለቱ ቀኖች መዝገብ ላይ አሉ። ሦስተኛውን የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ፤ ጥናቱን ከሱ እንጀምራለን።